ከሱስ የማገገም ረጅም ጉዞና የእርስ በእርስ ድጋፍ ቡድኖች

በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ የተያዘ ሰው ሆስፒታል ወይም ማገገሚያ ማዕከል ገብቶ ዕፁ ከሰውነቱ እስኪወጣ የሚፈጀው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት የሚቆጠር ነው፡፡ ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ግን በዓመታት ይለካል፡፡ ከማዕከሉ ሲወጣ የሚጠብቁት ያው ሰፈር፣ ያው መንገድ፣ ብዙውን ጊዜም ዕፁን አብረውት ይወስዱ የነበሩት ጓደኞቹ ናቸው፡፡ የሐኪም ቀጠሮው በወር አንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል፡፡ ፈተናው ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ማታ ብቻውን ሲሆን፣ በበዓል ቀን፣ ደመወዝ በተቀበለበት ዕለት ወይም ከቤተሰቡ ጋር በተጋጨበት ሰዓት ይመጣል፡፡

ይህን በሐኪም ቀጠሮና በዕለት ተዕለት ኑሮ መካከል ያለ ክፍተት ለመሙላት ከሚረዱ ዘዴዎች አንዱ የእርስ በእርስ ድጋፍ ቡድን ነው፡፡ ቡድኑን የሚመሠርቱት ባለሙያዎች ሳይሆኑ ራሳቸው በሱስ የተጎዱ ሰዎች ናቸው፡፡ በዚህ ጽሁፍ የቡድኖቹን አመጣጥ፣ አሠራር፣ ጥቅምና ውስንነት በአጭሩ እንመለከታለን፡፡

ሥር የሰደደ ሕመም

ሱስን የሚያጠኑ ባለሙያዎች ሱስን እንደ ደም ግፊትና እንደ ስኳር ሁሉ ረጅም ክትትል የሚጠይቅ ሕመም አድርገው ይመለከቱታል፡፡ እ.ኤ.አ በ2000 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ የባለሙያዎች ጽሁፍ፣ ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ሕክምና በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሱሱ የሚያገረሽባቸው ሰዎች ከ40 እስከ 60 በመቶ እንደሚደርሱ አመልክቷል፡፡ በደም ግፊትና በአስም ታማሚዎች ላይ ያለው የማገርሸት መጠን ደግሞ ከ50 እስከ 70 በመቶ ነው፡፡ ግፊቱ ዳግም ከፍ ያለበትን ታማሚ “ሕክምናው አልሠራም፣ ሰውዬውም አይረባም” ብሎ የሚያሰናብት ሐኪም የለም፤ ክትትሉ እንዲጠናከር ይደረጋል እንጂ፡፡ ባለሙያዎቹ ለሱስም ተመሳሳይ አመለካከት ያስፈልጋል ይላሉ፡፡

ጉዳዩ የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜም አለ፡፡ ሄሮይንና የመሳሰሉትን ዕፆች ይወስድ የነበረ ሰው ለሳምንታት ወይም ለወራት ሲያቆም ሰውነቱ ዕፁን የመቋቋም አቅሙን ያጣል፡፡ ይህ ሰው ቀድሞ ይወስደው በነበረው መጠን ቢመለስ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል፡፡ ከማገገሚያ ማዕከል ወይም ከማረሚያ ቤት ከወጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት እጅግ አደገኛ የሚባሉትም በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ሕክምና የሚያገኘውም ሰው ጥቂት ነው፡፡ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል መከላከያ ቢሮ እ.ኤ.አ በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 በዓለም ላይ በዕፅ ምክንያት የጤና መታወክ ከደረሰባቸው ሰዎች መካከል ሕክምና ያገኘው ከ11 አንዱ ብቻ ነው፡፡ በሴቶች ደግሞ ሕክምና ያገኘችው ከ18 አንዷ ብቻ ናት፡፡ ብዙ ገንዘብና ብዙ ባለሙያ የማይጠይቁት የድጋፍ ቡድኖች ትኩረት የሚስቡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፡፡

ከአክሮን እስከ ሎስ አንጀለስ

የእነዚህ ቡድኖች ታሪክ የሚጀምረው ከዕፅ ሳይሆን ከመጠጥ ነው፡፡ እ.ኤ.አ በግንቦት ወር 1935 ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ባለሙያ ለሥራ ጉዳይ ኦሃዮ ክፍለ ግዛት ውስጥ ወደምትገኘው አክሮን ከተማ ተጉዞ ነበር፡፡ መጠጥ ካቆመ ገና ጥቂት ወራት ብቻ ሆኖታል፡፡ የሄደበት ጉዳይ ሳይሳካ ቀርቶ ካረፈበት ሆቴል አዳራሽ ብቻውን ሲቆም የመጠጥ ቤቱ ድምፅ ይስበው ጀመር፡፡ በዚያች ሰዓት የፈለገው ሐኪም ወይም ሰባኪ አልነበረም፤ እንደ እርሱ በመጠጥ የተቸገረ ሌላ ሰው ነበር፡፡ በስልክ ካጠያየቀ በኋላም ቦብ ስሚዝ ከተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ተገናኘ፡፡

ዶክተሩ እንግዳውን ለሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ለማነጋገር አስቦ የነበረ ቢሆንም ጭውውታቸው ለሰዓታት ዘለቀ፡፡ ሐኪሙ ስለ መጠጥ ጉዳት የማያውቀው ነገር አልነበረም፡፡ አዲስ የሆነበት ነገር የሚያነጋግረው ሰው ሊገሥጸው ሳይሆን ራሱን ሊያድን የመጣ መሆኑ ነው፡፡ ዶክተር ስሚዝ መጠጥ ለመጨረሻ ጊዜ የቀመሰበት ሰኔ 10 ቀን 1935 እ.ኤ.አ “አልኮሆሊክስ አኖኒመስ” የተሰኘው፣ ማንነታቸውን የማይገልጹ የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር የተመሠረተበት ዕለት ተደርጎ ይቆጠራል፡፡ ማኅበሩ ልምዱን “አሥራ ሁለቱ ደረጃዎች” በሚል አቀናብሮ እ.ኤ.አ በ1939 በመጽሐፍ አወጣ፡፡

የአደንዛዥ ዕፅ ሱሰኞች የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙት ከ18 ዓመታት በኋላ ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ1953 በሎስ አንጀለስ አካባቢ፣ በስኮትላንድ የተወለደው ጂሚ ኪነን እና ጥቂት ባልደረቦቹ “ናርኮቲክስ አኖኒመስ” የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ፡፡ አሥራ ሁለቱን ደረጃዎች ከመጀመሪያው ማኅበር በፈቃድ ወሰዱ፤ ይሁንና በመጀመሪያው ደረጃ ላይ አንድ ቁልፍ ለውጥ አደረጉ፡፡ “አልኮል” የሚለውን ቃል አውጥተው በምትኩ “ሱሳችን” የሚለውን አስገቡ፡፡ በዚህም ማኅበሩ አንድን ዕፅ ሳይሆን ራሱን ሱስን ጉዳዩ አደረገ፡፡ ሄሮይን የሚወስደውም፣ የእንቅልፍ ኪኒን ሱስ የያዘውም በአንድ ክፍል መቀመጥ ቻሉ፡፡

ጅምሩ ቀላል አልነበረም፡፡ በዚያን ጊዜ ዕፅ ተጠቃሚ በወንጀለኛነት ብቻ ይታይ ስለነበር ብዙዎች ፖሊስ ይከታተለናል በሚል ስጋት ለመሰብሰብ ይፈሩ ነበር፡፡ በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማም ስብሰባው ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፡፡ ማኅበሩ ራሱ በሚያወጣው መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ በ1978 የቡድኖቹ ቁጥር ከ200 ያነሰ ሲሆን የሚገኙትም በሦስት አገሮች ብቻ ነበር፡፡ ማኅበሩ ዋና መጽሐፉን ካሳተመበት ከ1983 በኋላ ግን ዕድገቱ ፈጣን ሆነ፡፡ በ2018 በ144 አገሮች በየሳምንቱ ከ70 ሺህ በላይ ስብሰባዎች ይካሄዱ ነበር፡፡

በአሜሪካ የተጀመረው ይህ አሠራር ሥር የሰደደው በምዕራባውያን አገሮች ብቻ አይደለም፡፡ ከአሜሪካ ውጪ እጅግ ብዙ ስብሰባ ከሚካሄድባቸው አገሮች ቀዳሚዋ ኢራን ናት፡፡ በኢራን የኦፒየም ሱስ የቆየ ችግር ሲሆን፣ በ1990ዎቹ የተጀመረው የማኅበሩ እንቅስቃሴ በከተማም በገጠርም ተስፋፍቷል፡፡ ይህም አሠራሩ በተለያየ ሃይማኖትና ባህል ውስጥ ተስማምቶ ሊቀጥል እንደሚችል ማሳያ ነው፡፡

ስብሰባው እንዴት ይካሄዳል?

ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፡፡ የሚካሄደው በኪራይ በተገኘ ክፍል፣ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወይም በቀበሌ አዳራሽ ዓይነት ቦታ ሲሆን ወንበሮቹ በክብ ይደረደራሉ፡፡ ዕፅም ሆነ ዕፅ መውሰጃ ዕቃ የያዘ ሰው ወደ ውስጥ ይዞ እንዳይገባ ይጠየቃል፡፡ የዕለቱ አስተናጋጅ አጭር ንባብ ካስነበበ በኋላ ተሰብሳቢዎች በየተራ ይናገራሉ፡፡ ተናጋሪው ስሙን፣ ያውም የመጀመሪያ ስሙን ብቻ ከተናገረ በኋላ ስለ ራሱ ያወራል፡፡ በመሐል ማቋረጥ፣ መልስ መስጠትና መምከር አይፈቀድም፤ ሌሎቹ ያዳምጣሉ፡፡ መናገር ያልፈለገ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ ይችላል፡፡

አባል ለመሆን የሚጠየቀው ዕፅ መውሰድ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው፡፡ መመዝገቢያም ሆነ ወርሃዊ መዋጮ የለም፡፡ ለክፍል ኪራይና ለሻይ ወጪ የሚሆን ሣጥን ይዞራል፤ የመጣ ሁሉ የመስጠት ግዴታ ግን የለበትም፡፡

አዲስ መጪው በአብዛኛው የሚመከረው በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት 90 ስብሰባ እንዲካፈል ነው፡፡ ምክንያቱ ግልጽ ነው፡፡ ዕፅ መውሰድ፣ ዕፅ መፈለግና ገንዘብ ማፈላለግ የሰውየውን ቀን ሙሉ ይዘውት ቆይተዋል፤ እነዚህ ሲቀሩ ባዶ የሚሆነው ሰዓት በሌላ ነገር መሞላት አለበት፡፡ ከዚህም ሌላ “ከእንግዲህ በሕይወቴ አልነካም” የሚለው ቃል ኪዳን ከብዶ ስለሚታይ አባላቱ ለዛሬ ብቻ ማሰብን ይለማመዳሉ፡፡

የቆይታ ጊዜ መከበሩም የአሠራሩ አካል ነው፡፡ በናርኮቲክስ አኖኒመስ ስብሰባዎች ለአዲስ መጪ ነጭ የቁልፍ መያዣ ይሰጣል፡፡ 30 ቀን የሞላው ብርቱካንማ፣ 60 ቀን አረንጓዴ፣ 90 ቀን ቀይ፣ ስድስት ወር ሰማያዊ፣ ዘጠኝ ወር ቢጫ ይቀበላል፡፡ አንድ ዓመት የሞላው በጨለማ የሚያበራ መያዣ ሲያገኝ፣ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየው ጥቁሩን ይይዛል፡፡ ዋጋው ከሳንቲም የማይዘልለው ይህ ፕላስቲክ ለተቀባዩ ትልቅ ትርጉም አለው፡፡ ሱሱ ያገረሸበት ሰውም ተመልሶ ቢመጣ አይባረርም፤ ነጩን እንደገና ተቀብሎ ይጀምራል፡፡

ሌላው ምሰሶ “ስፖንሰር” የሚባለው ነው፡፡ ይህ በማገገም ብዙ የቆየ አባል ሲሆን አዲሱን ሰው በአሥራ ሁለቱ ደረጃዎች ይመራዋል፤ ፈተና ሲመጣ በሌሊትም ቢሆን ስልኩን ያነሣል፡፡ ክፍያ አይቀበልም፤ ሐኪምም ሆነ አበዳሪ አይደለም፡፡ ተራርቆ መኖርን የሚጠይቅ ጥንቃቄም አለ፤ ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ ጋር እንዲጣመር ይመከራል፡፡

የሚረዳው ራሱ ይረዳል

ከአሠራሩ በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ሌላውን የሚረዳ ሰው ራሱም ይጠቀማል የሚል ነው፡፡ አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ባለሙያ ፍራንክ ሪስማን እ.ኤ.አ በ1965 ባወጣው ጽሁፍ ለዚህ ክስተት ስም ሰጥቶ አብራርቶታል፡፡ ሌላውን ለማጽናናት የሚናገር ሰው ቃሉን ራሱም ይሰማዋል፤ ለዓመታት “የማይረባ” ሲባል የኖረ ሰው ለሌላው የሚጠቅም ነገር እንዳለው ያያል፡፡ ስድስት ወር የሆነው ሰው ለሦስት ቀን ሰው ተስፋ ነው፤ የሦስት ቀኑ ሰው ደግሞ ለስድስት ወሩ ማስታወሻ ነው፡፡

ከዚህ በተጨማሪ ቡድኑ የጓደኛ ለውጥ ያመጣል፡፡ ይህን ጉዳይ ያጠኑ ተመራማሪዎች ቡድኖቹ ከሚረዱባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ሰውየው የሚውልበትን ማኅበራዊ ክበብ መቀየራቸው መሆኑን አረጋግጠዋል፡፡ ከዕፅ መራቅ ማለት ብዙውን ጊዜ ከነበሩት ጓደኞች ሁሉ መራቅ ማለት ነው፤ ብቸኝነቱ ደግሞ መልሶ ወደ ዕፁ ይገፋል፡፡

መሪ የሌለው ማኅበርና የሲናኖን ትምህርት

የድጋፍ ቡድን በተሳሳተ መንገድ ከተመራ ራሱ ጎጂ ሊሆን ይችላል፡፡ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በዚያው በካሊፎርኒያ የተፈጸመ ታሪክ ነው፡፡ እ.ኤ.አ በ1958 ቻርልስ ዴድሪክ የተባለ የቀድሞ የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ አባል ሲናኖን የተሰኘ ድርጅት አቋቋመ፡፡ ሱሰኞች በአንድ ግቢ አብረው እየኖሩ ዕፅ ማቆም መቻላቸው ሲናኖንን በአገሪቱ አደባባይ አስመሰገነው፡፡

ይሁን እንጂ ሥልጣኑ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ነበር፡፡ አባላት ከግቢው ወጥተው የራሳቸውን ኑሮ እንዲመሩ የሚደረገው ጥረት ቀርቶ ዕድሜ ልካቸውን እንዲቆዩ ይፈለግ ጀመር፤ በትዳራቸውና በግል ሕይወታቸው ላይ ሳይቀር መሪው ይወስን ነበር፡፡ በመጨረሻም ድርጅቱ ወደ ዓመፅ ገባ፡፡ እ.ኤ.አ በጥቅምት ወር 1978 ሁለት አባላት ድርጅቱን በፍርድ ቤት በረታ አንድ ጠበቃ የፖስታ ሣጥን ውስጥ መርዛማ እባብ አስቀመጡ፡፡ ጠበቃው ተነድፎ ለጥቂት ተርፏል፡፡ ድርጅቱም በ1991 ፈረሰ፡፡

በአንጻሩ የአሥራ ሁለት ደረጃ ማኅበራት ለግለሰብ ሥልጣን የማይመች ደንብ አላቸው፡፡ “አሥራ ሁለቱ ልማዶች” በሚባለው በዚህ ደንብ መሠረት እያንዳንዱ ቡድን ራሱን ያስተዳድራል፤ አገልጋዮች በየጊዜው ይለዋወጣሉ፤ ከውጭ የሚመጣ የገንዘብ ዕርዳታ አይቀበሉም፤ የትኛውንም ፓርቲ፣ ሃይማኖት ወይም ድርጅት አይደግፉም፡፡ ማንነትን አለመግለጽም አባሉን ከማኅበረሰቡ ነቀፋ ከመጠበቅ አልፎ ማንም በማኅበሩ ስም ዝነኛ እንዳይሆን ያግዳል፡፡

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

በጉዳዩ ላይ ከተደረጉ ግምገማዎች ሰፊ የሆነው በኮክሬን ድርጅት እ.ኤ.አ በ2020 የታተመው ነው፡፡ ግምገማው 27 ጥናቶችንና 10 ሺህ 565 ተሳታፊዎችን ያካተተ ሲሆን፣ ሰዎችን ወደ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚያገናኙ የሕክምና ፕሮግራሞችን ከሌሎች የሥነ ልቡና ሕክምናዎች ጋር አነጻጽሯል፡፡ ከአንድ ዓመት በኋላ ከመጠጥ ሙሉ በሙሉ ታቅበው የተገኙት በመጀመሪያው ወገን 42 በመቶ፣ በሌላው ወገን ደግሞ 35 በመቶ ነበሩ፡፡ ልዩነቱ አነስተኛ ቢመስልም በነጻ ከሚገኝ አገልግሎት አንጻር ሲታይ ዋጋው ከፍ ይላል፡፡

ይህ ማስረጃ ግን የአልኮል ነው፡፡ በሌሎች ዕፆች ላይ የተደረጉት ጥናቶች ያነሱ በመሆናቸው የዚያን ያህል አስተማማኝ መደምደሚያ ላይ አያደርሱም፡፡ ወደ ስብሰባ ሄደው ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚተዉም ብዙዎች ናቸው፡፡ አሥራ ሁለቱ ደረጃዎች ከፍ ስላለ ኃይል የሚናገሩ በመሆናቸው ለአንዳንዱ ሰው አይመቹም፡፡ ለእነዚህ ወገኖች በ1994 በአሜሪካ የተመሠረተው ስማርት ሪከቨሪ፣ መንፈሳዊ ይዘት የሌለውና በሥነ ልቡና ዘዴዎች ላይ የተመሠረተ አማራጭ ሆኖ ያገለግላል፡፡

መድኃኒትን አይተካም

የድጋፍ ቡድን የሕክምና ምትክ አይደለም፡፡ በሄሮይንና በተመሳሳይ ዕፆች ሱስ ለተያዙ ሰዎች ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የተባሉት መድኃኒቶች የሞት አደጋን በእጅጉ እንደሚቀንሱ ተረጋግጧል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ በ2005 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካቷቸዋል፡፡ በአንዳንድ ቡድኖች ግን እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው “ገና አላቆመም” ተብሎ ይታያል፤ በስብሰባ ላይ ከመናገር ይልቅ እንዲያዳምጥ የሚጠየቅበት ጊዜም አለ፡፡ ይህን ተጽዕኖ ፈርቶ መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ምክር የሚያቋርጥ ሰው ሕይወቱን ለአደጋ ያጋልጣል፡፡ አልኮልን ወይም የእንቅልፍ መድኃኒትን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት ምልክት ሊያጋጥመው ስለሚችል፣ የማቆሙ ሂደት በሐኪም መታየት ይኖርበታል፡፡

ቤተሰብም የራሱ ድጋፍ ያስፈልገዋል፡፡ እ.ኤ.አ በ1951 የተቋቋመው አል-አኖን የአልኮል ሱሰኞች ቤተሰቦች የሚገናኙበት ማኅበር ሲሆን፣ ናር-አኖን ደግሞ የዕፅ ሱሰኞች ቤተሰቦችን ያሰባስባል፡፡ እናት ልጇን ለማዳን ዕዳውን ስትከፍል፣ ጥፋቱን ስትሸፍንና እንቅልፍ አጥታ ስትጠብቅ እርሷም ትታመማለች፡፡

አንድ ሰው ቡድን ሲመርጥ ሊያስተውላቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፡፡ ገንዘብ በግድ የሚጠይቅ፣ መድኃኒት እንዲቆም የሚያዝ፣ ከቤተሰብ የሚለይ፣ የተነገረን ምስጢር ውጭ የሚያወጣ ወይም አንድን ሰው ከጥያቄ በላይ የሚያደርግ ቡድን ሲያጋጥም ርቆ መሄድ ይገባል፡፡

ሃምሳ ሎሚ

በአገራችን በጫት፣ በአልኮል፣ በሐሺሽና በመሳሰሉት ሱስ የተያዘ ሰው በአብዛኛው የሚደገፈው በቤተሰቡና በእምነት ተቋማት ነው፡፡ ጠበል ቆይቶ ወይም ሆስፒታል ተኝቶ የተሻለው ሰው ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ግን በየሳምንቱ “እንዴት ሰነበትክ?” የሚለው፣ ያለፈበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ላያገኝ ይችላል፡፡ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል ለሚኖሩ ወገኖች ደግሞ ስብሰባዎቹ በትልልቅ ከተሞች በነጻ ይገኛሉ፤ ይሁን እንጂ ቋንቋውና “የአገሬ ሰው ቢያየኝስ” የሚለው ሥጋት እንቅፋት ሊሆን ይችላል፡፡

የመሰብሰብና የመደጋገፍ ባህል ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም፡፡ በዕድር ሐዘንተኛ ይጽናናል፤ በዕቁብ ገንዘብ ይጠራቀማል፤ በጽዋ ማኅበር በየወሩ ወንድማማችነት ይታደሳል፡፡ ልዩነቱ በዕድር ሁሉም ሰው በስሙና በቤቱ ሲታወቅ፣ በእነዚህ ቡድኖች ግን ምስጢር መጠበቁ ነው፡፡ ሱስ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ምስጢር ጠባቂነት ብዙዎችን ከቤት ሊያወጣ የሚችል በር ነው፡፡

ቡድን ለመጀመር ትልቅ በጀት አያስፈልግም፡፡ በአክሮን የተገናኙት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፡፡ አንድ ክፍል፣ የታወቀ ቀንና ሰዓት፣ የሚያገናኛቸው የሕክምና ባለሙያና የተነገረውን በዚያው የሚተዉ ሰዎች ከተገኙ መነሻው አለ፡፡ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ከሱስ የማገገም ሸክምም ብቻውን ለተሸከመው ሰው ከባድ ነው፤ ሲከፋፈሉት ግን ይቀላል፡፡